አባቴ ውሃ የጠገበ ሰሞን

«ወንድሜን ውሃ እያጠጣሽ የገደልሽው አንቺ ነሽ!»

ይህን ያለችኝ አዳዳ ናት። የአባቴ ታላቅ እህት ነች። በኦሮምኛ የአባት እህት አዳዳ ትባላለች፤ እኛ ቤት ደግሞ ከዚህ ሌላ ስም የላትም። ያለችኝም ብቻችንን ሆነን አይደለም። የአባዬ አርባ ነበር። ሳሎኑ ሙሉ ሰው ተቀምጧል፤ ጎረቤቱ፣ የእድር ሰዎች፣ የአዳዳ የጽዋ ማኅበርተኞች። ጥግ ላይ፣ አባዬ ይቀመጥበት የነበረው ወንበር ላይ፣ የንስሐ አባቱ መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። እኔ በአንድ እጄ ጆግ፣ በሌላው ብርጭቆ ይዤ ለሰው ውሃ እየቀዳሁ ነበር።

መቅዳቴን አላቆምኩም። እጄ ሌላ የሚሠራው ነገር ስላጣ ነው እንጂ ድፍረት አልነበረም። አንዲት ሴትዮ «ኧረ ልጄ፣ ፈሰሰ!» ስትለኝ ነው ብርጭቆው ሞልቶ ምንጣፉ ላይ እየወረደ መሆኑን ያየሁት።

አዳዳ ካለችው ግማሹ እውነት ነው። ውሃ አጠጥቼዋለሁ።

አባዬ ኩላሊቱ ሥራ ካቆመ ቆይቶ ነበር። ቦሌ ውስጥ አንድ ክሊኒክ እጥበት እየተመላለሰ ነው የኖረው። ደሙ በቱቦ ይወጣል፣ ማሽን ውስጥ ይታጠባል፣ ይመለሳል። የዚያን ዕለት ደክሞት ይተኛል፣ በማግስቱ ትንሽ ሰው ይመስላል፣ ከዚያ መልሶ ቀጠሮው ይደርሳል። ሽንት የሚባል ነገር ስለሌለው የጠጣው ሁሉ እዚያው ሰውነቱ ውስጥ ይቀራል፤ እግሩ ያብጣል፣ መተንፈስ ያቅተዋል። ስለዚህ ሐኪሙ ውሃ በልክ ብቻ አለ። ለኪዋ እኔ ሆንኩ፤ ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው የለማ። እናቴ እኔ ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ነው የሞተችው። አዳዳ እዚያው ግቢ፣ ከምናከራያቸው ሰርቪሶች በአንዱ ትኖራለች፤ እሷ ግን ለወንድሟ ውሃ ከልክላ አንጀቷ አይችልም።

እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤት አልመጣልኝም። አስተናጋጅ ሆንኩ፣ ተውኩት። ኢምፔሪያል ሆቴል አካባቢ የሞባይል ከቨር ሸጥኩ፣ እሱንም ተውኩት። አንድ ቦታ ረግቼ መቀመጥ አልችልበትም፤ አባዬ «ቂጥሽ ላይ እሾህ አለ» ይለኝ ነበር። በመጨረሻ ኤርፖርት አካባቢ የአውሮፕላን ምግብ የሚያዘጋጅ ድርጅት ውስጥ ገባሁ። ሥራዬ ትሪ ላይ መደርደር ነው። ዳቦ፣ ቅቤ፣ ሰላጣ፣ አፏ የታሸገ ትንሽዬ የውሃ ኩባያ። ከሚጣለው መሀል አንዷን ባዶ ኩባያ ቤት ወስጄ የአባዬ መለኪያ አደረግኳት። ጠዋት አንድ፣ ምሳ ላይ ግማሽ፣ ማታ መድኃኒቱን ሲውጥ አንድ። በቃ።

«ውሃ የምትለካልኝ ልጅ ወለድኩ» ይል ነበር ቤት ለመጣ ሰው ሁሉ። «ከዚች እጅ ከምወድቅ እስር ቤት ይሻለኝ ነበር። እዚያ ቧንቧ አለ።»

ሰው ይስቃል። እኔም እስቃለሁ።

አባዬ ገበሬ ነበር። ከገርጂ ጀርባ አሁን ፎቅና አስፋልት የሆነው ሜዳ የእነሱ ማሳ ነበር። ስለ መሬቱ ብዙም አያወራም፤ ሄደ፣ ሄደ ነው። ውሃ ከተከለከለ ወዲህ ግን ማሳው ዳር ስለነበረው ምንጭ ማውራት ጀመረ። እርሻ ውሎ በሬዎቹን ሲፈታ በሆዱ ተኝቶ፣ አፉን ውሃው ውስጥ ነክሮ ከበሬዎቹ እኩል ይጠጣ ነበር። ይህን ሲያወራ ጉሮሮው ወደ ላይ ወደ ታች ይላል። ቴሌቪዥን ላይ የውሃ ማስታወቂያ ሲመጣ ድምፁን ይጨምራል። እኔ ልቀይረው ስል፦

«ተይ እንጂ! ማየትም በኩባያ ሆነ?»

አንድ ቀን መታጠቢያ ቤት ገብቶ ቆየብኝ። ባንኳኳ አይመልስም። ወድቆ ይሆናል ብዬ በሩን ገፋሁት። የባኞው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ እርጥብ ፎጣ ይመጥጣል። ትልቅ ሰውዬ፣ ሽማግሌ፣ የሰው ዳኛ ሆኖ ያስታረቀ ሰው። ፎጣውን ከአፉ ነጠቅኩት። ፎጣውን ጨምቄ ሰቀልኩት።

ክሊኒኩ ውስጥ እጥበት ከመጀመሩ በፊት ሚዛን ላይ ያወጡታል። የምታክመው ነርስ ቀልድ ታውቅ ነበር።

«ጋሼ፣ ዛሬም ጠጥተዋል።»

«እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ፣ ፖሊሷ እዚያ ቆማለች።»

«ኪሎው ራሱ ይናገራል እኮ ጋሼ።»

«እንግዲያው እናንተ ተነጋገሩ» ይልና ክንዱን ዘርግቶ ይተኛል።

ክንዱ ላይ መርፌው የሚገባበት ቦታ አብጦ የተቋጠረ ገመድ ይመስል ነበር። ሐኪሞቹ ደም ስሮቹን አገናኝተው የሠሩት ስለሆነ እጅ ሲያሳርፉበት እንደ ንብ ቀፎ ይርገበገባል። አውቶቡስ ሞተሩን አስነስቶ ሲቆም ወንበሩ እንደሚንቀጠቀጠው ዓይነት። ቤት ውስጥ ቴሌቪዥን ስናይ እጄን እዚያ ላይ አሳርፍ ነበር። ለምን እንደሆነ እንጃ፤ ብቻ እስከሠራ ድረስ ደህና ነን ማለት ነበር።

የነገረኝ ከእጥበት ስንመለስ፣ ራይድ ታክሲ ውስጥ ነው። ኢምፔሪያል ጋ መንገዱ ተዘጋግቶ መኪናው ከቆመ ቆይቷል። አባዬ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ከኋላ አጠገቤ ተቀምጧል። ሰው እንዲሰማው የማይፈልገውን ነገር ለኔ በኦሮምኛ ነው የሚነግረኝ።

«ነ ገኤ» አለ። በቃኝ ማለቱ ነው።

«ምኑ?»

«ማሽኑ።»

«ዛሬ ስለደከመህ ነው። ነገ ይለቅሃል።»

«ነገ ይለቀኛል፣ ከነገ ወዲያ ይይዘኛል። እኔ እኮ አሁን እየኖርኩ አይደለም፣ ልጄ። እየታጠብኩ ነው።»

«እና መሞት ነው የምትፈልገው?» ጮህኩ። ኦሮምኛውን ረስቼ በአማርኛ ነው የጮህኩት። ሹፌሩ ሬዲዮውን ቀነሰ።

«መልሰህ ክፈተው የኔ ልጅ» አለው አባዬ። «ይቺ ድምጿ ትልቅ ነው እንጂ የሚሰማ ወሬ የላትም።»

ቤት ገብተን አልጋው ላይ ካጋደምኩት በኋላ ተጨቃጨቅን። መሞት አልፈልግም፣ መታጠብ ነው የማልፈልገው ይላል። ሁለቱ አንድ ነው እለዋለሁ። ላንቺ አንድ ነው ይላል። ብሩ ከብዶት እንደሆነ ጠየቅኩት፤ የሰርቪሶቹ ኪራይ ይሸፍነው ነበርና ያ እንዳልሆነ እኔም አውቃለሁ። በመጨረሻ የቀረኝን አወጣሁ።

«እኔስ?» አልኩት። «እኔ ምን ልሁን?»

ብርድ ልብሱን እስከ አንገቱ ሳበ።

«ከኔ ሌላ ሰው እንደሌለሽ አውቃለሁ» አለ። «እስካሁን የታጠብኩትም ለዚያ ብዬ ነው።»

ከዚህ በኋላ አኮረፍኩት። ውሃውን በኩባያ እየለካሁ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለሁ፣ ቃል አልናገርም። ሥራ ቦታ ትሪ ስደረድር ልቤ እዚያ የለም፤ ሁለት ቢላ ያለበት ሹካ የሌለበት ትሪ ሠርቼ አለቃዬ ጮኸብኝ። በሚቀጥለው እጥበት አባዬ ማሽኑ ላይ ተኝቶ ሳለ ነርሷን ኮሪደር ላይ ይዤ በቀጥታ ጠየቅኳት።

«እጥበት ቢያቆም ምን ይሆናል?»

በቀጥታ ነገረችኝ። ውሃው ይሞላዋል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል፣ ብዙ አይቆይም። ከዚያ ወደ ኋላዋ አየት አድርጋ ድምጿን ቀነሰች።

«መብቱ ነው እኮ። ግን አፉን ሞልቶ በቃኝ ያለ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ሁሉም ጸበል ልሞክር ብሎ ነው የሚቀረው። እኛም በርቱ እንላለን።»

ይህን ለአባዬ ስነግረው ሳቀ። እሱ ከኔ ቀድሞ አስቦበታል ለካ።

«እኔም እንደሱ ነው የማደርገው። አዳዳ ስንት ዘመን ቁረብ፣ ጸበል ተጠመቅ ስትለኝ ኖረች። እሺ እላታለሁ።»

«እግዜርን ሽፋን ልታደርገው ነው?»

«እግዜር ያውቃል። ሽፋኑ ለአዳዳ ነው።» ተነስቶ ተቀመጠ። «ስሚኝ። ራሱን ላጠፋ ሰው ፍትሐት የለም ብላ ነው የምታምነው። በቃኝ ብዬ መተዌን ከሰማች በሕይወት ዘመኗ ሁሉ እኔን እሳት ውስጥ ነው የምታየኝ። መቃብሬ ላይ አይደለም፣ ሲኦል ደጃፍ ላይ ቆማ ነው የምታለቅሰው። እናታችን ስትሞት በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ነች። ይህን አላደርግባትም። አንቺም አታደርጊባትም።»

«እና እኔ ብቻዬን አውቄ ልቀመጥ?»

«አንቺ ጠንካራ ነሽ» አለኝ። ሰው ሸክም ሊያሸክምህ ሲፈልግ የሚለው ነገር ነው።

የንስሐ አባቱ በሳምንቱ ቤት መጡ። ቀጠን ያሉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ቄስ ናቸው። እኔ እንድወጣ ተደረገ። ግቢ ውስጥ ልብስ ማስጫው ስር ቆሜ መስኮቱን አያለሁ፤ የሁለቱ ጥላ ብቻ ነው የሚታየኝ። ሲወጡ መስቀላቸውን አሳለሙኝ፤ ግንባሬ ላይ ከወትሮው ቆየት አድርገው ያዙት። ዓይናቸውን ግን አላየሁትም።

«ነገርካቸው?» አልኩት አባዬን።

«ንስሐ እኮ ነው። ሁሉንም ነገርኳቸው።»

«ምን አሉህ?»

«'እስካሁን ያኖረህ ማሽኑ ነው እግዚአብሔር?' ብለው ጠየቁኝ። 'ሁለቱም መሰለኝ' አልኳቸው። ሳቁ። ከዚያ 'ደከመኝ ማለት ኃጢአት አይደለም፤ ግን አደባባይ አታውጣው' አሉኝ።»

«ኃጢአት ካልሆነ ለምን አይወጣም?»

«አንቺ ደግሞ!» አለኝና ወደ ግድግዳው ዞረ።

በዚያ ተናደድኩ። አሁንም እናደዳለሁ።

አባዬ እቆርባለሁ ሲላት አዳዳ መሬቱን ሳመች። ከሕፃንነቱ ወዲህ ቆርቦ አያውቅም። ነጠላውን አጥባ አሰጣች፣ ጾሙን አብራው ጾመች። ቁርባኑ እሑድ ሆነ፤ እጥበቱ ደግሞ ሰኞ ነበር። እሑድን አባዬ ራሱ ነው የመረጠው። የቆረበ ሰው ደሙ እንዳይፈስ ይጠነቀቃል፤ መርፌ አይወጋም፣ ምራቁን እንኳን አይተፋም። ሕጉ የዚያን ቀን ነው፤ አዳዳ ግን እዚያ ላይ እንደማታቆም ያውቃታል።

ክርስትና የተነሣበት ቤተ ክርስቲያን ነው የወሰድነው። ድሮ እርሻ መሀል ነበር፤ አሁን ኮንዶሚኒየም ከቦት በየሰገነቱ ልብስ ተሰጥቶበታል። እኔ የወር አበባዬ ላይ ስለነበርኩ ቅጥሩ ውስጥ አልገባሁም፤ በሩ ላይ ከለማኞቹ ጋር ቆሜ ጠበቅኩ። ቅዳሴው አልቆ ሰው ሲወጣ አባዬን በአዳዳ ትከሻ ላይ ተደግፎ አየሁት። አፉን በነጠላው ሸፍኗል። ለቆራቢዎች ጸበል የሚያድለው ዲያቆን ጋ ሲደርስ ነጠላውን ገለጥ አድርጎ በሁለት እጁ እፍኝ ተቀብሎ ጠጣ። መልሶ እጁን ዘረጋ። ዲያቆኑ ጨመረለት። አሁንም ዘረጋ። ከኋላው ያሉት ሰዎች ማጉረምረም ጀመሩ። ዲያቆኑ አንዴ አዳዳን፣ አንዴ ማሰሮውን እያየ ጨመረለት።

ሰኞ ጠዋት ልብሱን ሳዘጋጅ አዳዳ በሩ ላይ ቆመች።

«የት ልትወስጅው ነው?»

«እጥበት ነዋ።»

«ሥጋ ወደሙ በተቀበለ በማግስቱ መርፌ? ጸበል ጀምሮ መርፌ? እምነት ጎድሏችሁ ነው!»

አባዬ አልጋው ላይ ሆኖ «እንግዲህ እሷ ካለች…» አለ። እሷ ስትዞር ጠቀሰኝ።

ረፋድ ላይ ነርሷ ደወለች። «ጋሼ ዛሬ ቀሩሳ?»

«ጸበል ጀምሯል» አልኩ።

«እሺ። አንቺ በርቺ» አለችኝና ዘጋች።

የዚያን ዕለት ከሰዓት አዳዳ ከቤተ ክርስቲያን በቢጫ ጀሪካን ጸበል አስሞልታ መጣች። እግሩ ሥር ተቀምጣ በትልቅ ጣሳ ቀዳችለት። አባዬ ጣሳውን በሁለት እጁ ያዘና እስከ ታች ጨለጠው። ጉሮሮው ሲጮህ ይሰማኛል። ደገመችለት፣ ደገመ። ሲጨርስ ጢሙ ላይ የቀረውን በእጁ ጠረገና ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ። እንዲህ ያለ ፊት አይቼለት አላውቅም። እኔ ትንሿን ኩባያ ይዤ ቆሜያለሁ፤ የምሳ መለኪያውን ልሰጠው አምጥቼ ነበር።

«ያቺን ለአውሮፕላንሽ መልሽላት» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሰሞን ለሰው ብናገር ማንም አያምነኝም፤ ደስ የሚል ሰሞን ነበር። ለሱ። የተከለከለውን ሁሉ በላ፤ ብርቱካኑን፣ ሙዙን፣ ቲማቲሙን። ግቢ ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል። አናታችን ላይ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ሲያልፍ «ስንት ትሪ አለው?» ብሎ ይጠይቀኛል። ጠጥቶ ሲጨርስ ያገሳል። ፊቱ ቀላ፤ አብጦ ነበር እንጂ ሌላ አይደለም፣ ግን ላላወቀ ሰው የወፈረ ይመስላል።

አዳዳ አላወቀችም። ጽዋ ማኅበሯ ላይ ተነስታ «ወንድሜ ማሽን ጣለ! አምላኬ ጎበኘው!» ብላ መሰከረች፤ ሴቶቹም እልል አሉ። በማግስቱ ሊያዩት መጡ። አንዷ ጉልበቱን ሳመችው። ሌላዋ የታመመች ልጇን ፎቶ በስልኳ አሳይታው ጸልይልኝ አለችው። አባዬ ደንግጦ ወደ ኔ አየ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ እጁን ስልኩ ላይ አኖረና «ይማርልሽ» አላት። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ ሳህን አጠብኩ። የታጠበውን መልሼ አጠብኩ። ከሳሎን ሳቅና እልልታ ይሰማኛል። ሁሉም ሰው የሚደሰትበት ቤት ውስጥ ምን እንደሚመጣ አውቆ እንደ መቀመጥ ያለ ብቸኝነት አላውቅም። አባዬም አብሯቸው ነበር፤ እሱ እንኳን ትቶኝ ከነሱ ጋር ይስቃል።

ሥራ ቦታ አብራኝ ለምትደረድር ልጅ ልነግራት ሞከርኩ። «አባቴ እጥበት አቁሞ ጸበል ገባ» ስላት፣ ገና ሳልጨርስ ጓንቷን አውልቃ አቀፈችኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን በያ! ምን ፊትሽን አጠቆርሽው?»

ቀሪውን ዋጥኩት።

ከዚያ እግሩ ጫማ ውስጥ አልገባ አለ። ጋደም ሲል ስለሚታፈን ተቀምጦ መተኛት ጀመረ። ስቅታ ያዘው፣ አልለቀው አለ። አንድ ከሰዓት፣ ገና ድምፅ ሳያጥረው፣ ወደ አፉ አስጠጋኝና «መናገር ሲያቅተኝ አፌ አንቺ ነሽ» አለ። «ሆስፒታል ውሰዱት ቢሉ ከዚህ እንዳታስነሽኝ።» እሺ አልኩት። እሺ ማለት ቀላል ነው፤ ቃሉ አጭር ነው።

በማግስቱ ከሰዓት አዳዳ ገብታ ትንፋሹን ስትሰማ ነጠላዋ ከትከሻዋ ወደቀ።

«ተነሽ መኪና ጥሪ! ሆስፒታል እንውሰደው!»

አባዬ ዓይኑን ጨፍኗል። አልተኛም ነበር። ሁለት ጣቶቼን ይዞ ነበርና ጭብጥ አደረጋቸው። ያን ያህል ጉልበት ቀርቶታል ብዬ አላሰብኩም።

«የትም አይሄድም» አልኩ። «ጠዋት እናየዋለን።»

«ጠዋት? አበድሽ እንዴ? ሰውዬው እየታፈነ!»

«ጸበሉን አምነሽ የለ?» አልኳት። «ማሽን ጥሏል ብለሽ መስክረሽ የለ?»

ከዚያ በኋላ መኪና መጥራት ለሷ እምነቷን መካድ ሆነባት። ጎረቤት ልትጠራ ትችል ነበር፣ ግቢው ሙሉ ተከራይ ነው፤ አልጠራችም። ጀሪካኑን አንስታ ጸበል ላምጣ ብላ እያለቀሰች ወጣች። ከዚያ ተመልሳ እስኪነጋ ደጁ ላይ ስትጸልይ አደረች።

እኔ አጠገቡ ነበርኩ። እጄ ክንዱ ላይ ነው፣ የሚርገበገበው ቦታ። ሲነጋጋ ከንፈሩ ደርቆ አየሁና ያችን ፎጣ በውሃ ነክሬ አፉ ላይ አደረግሁለት። ትንሽ መጠጠ። ፀሐይ መጋረጃው ላይ ስትደርስ ከእጄ ሥር ያለው ንዝረት ቀስ አለ፣ ቀስ አለ፣ ቆመ። ሞተሩ የጠፋ አውቶቡስ ውስጥ እንዳለሁ ሁሉ ተቀምጬ ቀረሁ። ከዚያ ወጥቼ ለአዳዳ ነገርኳት።

ሙሉ ፍትሐት ተደረገለት። በቅርብ የቆረበ ሰው ነው ተብሎ ካህናቱም በዙ። አዳዳ መቃብሩ ላይ ነው ያለቀሰችው።

በአርባው ቀን ምንጣፉ ላይ የፈሰሰውን ውሃ አንዲት ልጅ በጨርቅ እያደረቀች ሳለ አዳዳ አላቆመችም።

«እስቲ እዚህ ሰው ፊት ንገሪኝ!» አለች። «አርባ ቀን ሙሉ ይህን ሳሰላስል እንቅልፍ አጣሁ። ሆስፒታል እንውሰደው ስልሽ እምቢ ያለው ማነው? እሱ ነው አንቺ?»

«ተይ እባክሽ እህቴ፣ በአርባው ቀን እንዲህ አይባልም» አለች አንዷ ማኅበርተኛ።

«አይ! ትናገር! አልሄድም ብሎሽ ነበር? ወንድሜ መሞት ፈልጎ ነበር?»

የመጨረሻዋን ስትጠይቅ ድምጿ ተሰበረ። የንስሐ አባቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው ዓይን ዓይኔን አዩኝ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ከዚያ መስቀላቸውን በሁለት እጃቸው ጠበቅ አድርገው ይዘው ምንጣፉን አዩ። ቢጫው ጀሪካን ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ ቆሟል፤ ለእንግዳው የምቀዳው ውሃ ከሱ የተገለበጠ ነበር። አዳዳ ወደ ጀሪካኑ አታይም። እኔን ነው የምታየው፤ ነጠላዋን በጥርሷ ይዛ።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ምን?»

«ውሰጂኝ ብሎኝ ነበር። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ።»

«ሰማችሁ!» አለች አዳዳ። «ሰማችሁ አይደል! ወንድሜ መዳን ፈልጎ ነበር! ፈልጎ ነበር!» ደረቷን እየመታች አለቀሰች፤ ሴቶቹ ከበው ያዟት። አንድ የእድር ሽማግሌ ፊቱን አዞረብኝ።

«ልጄ…» አሉ የንስሐ አባቱ።

ጠበቅኳቸው።

«አባ፣ ውሃ ልቅዳልዎት?»

ብርጭቋቸውን ዘረጉ። ብርጭቆውን ከሥር ደግፌ ቀዳሁላቸው። ጆጉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። የሥራ ቦርሳዬን ከመኝታ ቤት አወጣሁ፣ በሩ ላይ ከተከመረው ጫማ መሀል የኔን ፈልጌ አደረግሁ። ኮብልስቶኑን ጨርሼ ዋናው መንገድ ወጣሁ። ኢምፔሪያል ላይ አንድ የታክሲ ረዳት በመስኮት ተንጠልጥሎ «ቦሌ! ቦሌ! አንድ ሰው የቀረው!» ይላል። ገባሁ።